ክርክር፦ በእንግሊዝኛ ክፍለ ጊዜ አማርኛ ይከልከል ወይስ ይፈቀድ?

አወያይ፦ ብዙ የግል ትምህርት ቤቶች በእንግሊዝኛ ክፍለ ጊዜ አማርኛ መናገርን ይከለክላሉ። ጥያቄው ስለ ሰርግ፣ ስለ ለቅሶ፣ ስለ ጉርብትናና ስለ ባህል የምናወራባቸው ቃላት ላይ እንዲያተኩር እፈልጋለሁ። እነዚህ ሲሰጡ የአማርኛ ፍቺ ይነገር ወይስ ክልከላው ይጽና? ምሳሌ ያልያዘ አስተያየት አይረዳንምና ምሳሌ አምጡ።

የ7ኛ ክፍል መምህርት፦ ክልከላው ይነሳ። «ሞርኒንግ» የሚለውን የሐዘን ቃል በእንግሊዝኛ ብቻ ለማስረዳት ሞክሩ። ድምፁ ከ«ጠዋት» ጋር አንድ ነው፤ ልዩነቱ በአጻጻፍ ብቻ ነው፤ የሐዘኑ «ዩ» ፊደል ይጨምራል። በእንግሊዝኛ አምስት ደቂቃ ካስረዳችሁ በኋላም ግማሹ ክፍል ስለ ማለዳ የሚወራ ይመስለዋል። «ሐዘን» ብሎ ማለፍ ሁለት ሰከንድ ነው። ከ40 ደቂቃ ክፍለ ጊዜ የተረፈው ልጆቹ ዐረፍተ ነገር ለመሥራት ይሆናቸዋል።

የአይልትስ (ዓለም አቀፍ የእንግሊዝኛ ችሎታ ፈተና) አስጠኚ፦ እኔ ይጽና እላለሁ። ስህተቱን የሚያመጣው ራሱ አማርኛው ነው። «ከእሷ ጋር ተጋባ» የሚል አእምሮ «ማሪድ ዊዝ» ይላል፤ ትክክሉ «ማሪድ ቱ» ነው። ተግባቢ ሰውን አማርኛችን «ሶሻል ነው» ማለት ለምዷል፤ እንግሊዝኛው የሚፈልገው «ሶሽያብል»ን ነው። ስለ ኅብረተሰብ በጥቅሉ ሲወራ ደግሞ «ኢን ሶሳይቲ» መባል ሲገባው «ኢን ዘ ሶሳይቲ» ይላሉ። በአይልትስ የንግግር ፈተና የቃላት አጠቃቀም የነጥቡ አንድ አራተኛ ነው። ፈታኙ የሚያየው የቃሉን መኖር ብቻ አይደለም፤ ከምን ጋር እንደተጣመረም ያያል።

የ7ኛ ክፍል መምህርት፦ ወንድሜ፣ የጠቀስካቸው ስህተቶች አማርኛ በተከለከለባቸው ክፍሎችም ሞልተዋል። ልጁ አፉን ቢዘጋም በውስጡ የሚያስበው በአማርኛ ነው። መድኃኒቱ ሁለቱን ጎን ለጎን ሰሌዳ ላይ ጽፎ «እኛ ‹ከ…ጋር› እንላለን፣ እንግሊዝኛው እዚህ ጋ ‹ቱ› ይላል» ብሎ ማሳየት ነው። ክልከላው መምህሩ የስህተቱን ምንጭ እንዳያሳይ እጁን ያስረዋል።

የሥርዓተ ትምህርት ባለሙያ፦ እንግሊዝኛ ከ1ኛ ክፍል ጀምሮ እንደ አንድ ትምህርት ይሰጣል፤ ቢዘገይ ልጆቹ 9ኛ ክፍል ሲደርሱ ማስተማሪያ ቋንቋ ይሆናል። የቋንቋ ተመራማሪዋ አቭሪል ኮክስሄድ በ2000 እ.ኤ.አ. ባወጣችው የ570 የአካዳሚክ ቃላት ቤተሰቦች (አንድ ቃል ከነእርባታዎቹ) ዝርዝር «ኮሚዩኒቲ»፣ «ከልቸር» እና «ትራዲሽን» ሁለተኛው ንዑስ ክፍል ውስጥ ናቸው። ስለዚህ የሰርግና የበዓል ወሬ ብቻ አይደሉም፤ በታሪክም በዜግነት ትምህርትም ይመጣሉ።

አማርኛ መፍቀድና መከልከል ላይ ብቻ ስትከራከሩ ግን ልጆቹ የሚያጠኑት የቃላት ዝርዝር አሠራር ተረሳ። «ፊውነራል፦ ቀብር» ብሎ ያጠና ልጅ ዐረፍተ ነገር ላይ ሲደርስ ይቆማል፤ ግሱን አያውቀውማ። ቃሉ ከግሱ ጋር ይጻፍ፦ «አቴንድ ኤ ፊውነራል» (ቀብር ላይ መገኘት)፣ «ኦፈር ኮንዶለንስስ» (ማጽናናት)፣ «ሆልድ ኤ ሰርመኒ» (ሥነ ሥርዓት ማካሄድ)፣ ለጾም ደግሞ «ኦብዘርቭ ኤ ፋስት»። ደብተሩ ሦስት ዓምድ ይኑረው፤ በመጀመሪያው ጥምረቱ፣ በሁለተኛው ፍቺው፣ በሦስተኛው ልጁ ራሱ የሠራው ዐረፍተ ነገር። በአንድ ክፍለ ጊዜ ከ8 ጥምረት አይብለጥ። በማግስቱ፣ ከሦስት ቀን በኋላ፣ ከሳምንት በኋላ፣ ከዚያም ከሁለት ሳምንት በኋላ ፍቺው በእጅ ተሸፍኖ ይጠየቅ።

መጻሕፍቱ የሚሠሩት አንድ ትልቅ ጥፋትም አለ፤ የሰርግ ቃላትን በሙሉ በአንድ ገጽ ያጭቃሉ። ትርጉማቸው የሚቀራረብ አዳዲስ ቃላት አንድ ላይ ሲጠኑ እርስ በርስ እንደሚደበላለቁ የቃላት ትምህርት ተመራማሪዎቹ ቲንካም በ1993፣ ዋሪንግ በ1997 እ.ኤ.አ. በሙከራ አሳይተዋል። «ብራይድ»ን (ሴቷ ሙሽራ) እና «ግሩም»ን (ወንዱ ሙሽራ) በአንድ ቀን ስጡና በማግስቱ የትኛው ወንዱ እንደሆነ ጠይቁ። የእኛ «ሙሽራ» ለሁለቱም ስለሚያገለግል ነገሩ ይብሳል። አንዱ በደንብ ሲያዝ፣ ከሳምንት በኋላ ሌላው ይምጣ።

በአሜሪካ የቅዳሜ ትምህርት አስተማሪ፦ ባለሙያው ያሉትን እደግፋለሁ፤ ግን አቻ የሌላቸው ነገሮች አሉ። እዚህ ያደጉ ልጆች «ለቅሶ ቤት»ን «ዌክ» ይሉታል። በአየርላንዳውያን ልማድ «ዌክ» ከቀብር በፊት አስከሬኑ ባለበት የሚደረግ ነው፤ የእኛ ለቅሶ ቤት መቀመጥ ከቀብር በኋላ ነው። አንድ ቃል ከመፈለግ ሁለት ዐረፍተ ነገር ማስለመድ ይሻላል።

የአይልትስ አስጠኚ፦ እዚህ ላይ እስማማለሁ። የንግግር ፈተናው ሁለተኛ ክፍል የአንድ ደቂቃ መዘጋጃ ሰጥቶ እስከ ሁለት ደቂቃ ያስወራል። «እድር» ብሎ ማለፍ ፈታኙን ግራ ያጋባዋል፤ «ኢንሹራንስ» ማለትም እቃውንና ጉልበቱን ይጥለዋል። የሚሻለው ስሙን ጠርቶ ወዲያው ማብራራት ነው፦ ጎረቤቶች በየወሩ ያዋጣሉ፤ ሰው ሲሞት ማኅበሩ ገንዘብ፣ ድንኳን፣ ወንበርና የሚያስተናግድ ሰው ያቀርባል። ዕቁብ ሲሆን ሁሉም እኩል እንደሚጥልና የተሰበሰበውን በዕጣ በየተራ አንድ ሰው እንደሚወስድ መናገር። እነዚህን ዐረፍተ ነገሮች በእንግሊዝኛ አስቀድሞ ማለማመድ ነው። ክልከላውን ግን ሙሉ በሙሉ አልተውም፤ አማርኛ በፍቺው ሰዓት ለአምስት ደቂቃ ይግባ፣ ጥንድ ጥንድ ሆነው ሲያወሩ ይውጣ።

ወላጅ፦ ክፍያ የምንከፍለው እኛ ክልከላውን የጥራት ምልክት አድርገን እናየዋለን። ትምህርት ቤቱን መጠየቅ ያለብን ግን ልጁ በአንድ ክፍለ ጊዜ ስንት ደቂቃ እንግሊዝኛ እንደሚናገር ነው። አማርኛ ተናገርክ ተብሎ የሚቀጣ ልጅ ዝምታን ይመርጣል፤ ዝም ያለ ልጅ ደግሞ በየትኛውም ቋንቋ አልተለማመደም።

የሐዋሳ መምህር፦ ሁላችሁም ክፍሉ ሁሉ አማርኛ ተናጋሪ እንደሆነ አድርጋችሁ ነው የምታወሩት። ቤታቸው ሲዳምኛ፣ ወላይትኛ ወይም ኦሮምኛ የሚናገሩ ልጆች አንድ ክፍል ሲቀመጡ፣ አማርኛ መፍቀድ ለእነሱ ሌላ ሁለተኛ ቋንቋ መጨመር ነው።

የሥርዓተ ትምህርት ባለሙያ፦ ተገቢ ጥያቄ ነው መምህር። ለዚህ ነው የፍቺው ዓምድ የልጁ እንጂ የሰሌዳው እንዳይሆን የምለው። ልጁ በሚቀለው ቋንቋ ይጻፍበት፣ ካሻው ሥዕል ይሣልበት። መምህሩ የሚያርመው ሦስተኛውን ዓምድ ነው፤ «ማይ ሲስተር ጎት ማሪድ ቱ…» ብሎ በትክክል የጨረሰ ልጅ ፍቺውን በየትኛው ቋንቋ እንደያዘው መጠየቅ አያስፈልግም።

የሐዋሳ መምህር፦ 60 ልጅ ባለበት ክፍል 60 ደብተር ማን ያርማል?

የ7ኛ ክፍል መምህርት፦ በየቀኑ 10 ደብተር ብቻ ይሰብሰብ፤ የቀሩት ተለዋውጠው ግሱንና መስተዋድዱን ብቻ ይተያዩ። በስድስት ክፍለ ጊዜ ሁሉም ይዳረሳል።