የእናቴ የእንቅርት መድኃኒት ለምን አልሠራላትም?

ጥያቄ (ከቱሉ ዲምቱ)፦
ጤና ይስጥልኝ። እናቴ ከሁለት ዓመት በፊት እንቅርቷን በቀዶ ሕክምና ሙሉ በሙሉ አስወጥታለች። ከዚያ ወዲህ በየቀኑ 100 ማይክሮግራም ሌቮታይሮክሲን፣ ማለትም የወጣው እጢ ይሠራው የነበረውን ሆርሞን የሚተካ ክኒን፣ እና አንድ የካልሲየም ክኒን ትወስዳለች። ሆኖም ይበርዳታል፣ ይደክማታል፣ ጠዋት ፊቷ አብጦ ትነሣለች። የቲኤስኤች ምርመራዋ (ሆርሞኑ ሲያንስ ቁጥሩ ከፍ የሚል የደም ምርመራ ነው) እስከ 4 ገደማ መሆን ሲገባው 18 ወጣ። ሐኪሙ መድኃኒቱን ወደ 125 ከፍ ሊያደርግላት ነው። ጎረቤታችን ደግሞ «ተጠራቅሞ ጉበትሽን እየጎዳው ነው» ስላለቻት፣ ካለፈው ሳምንት ጀምሮ ቅዳሜና እሑድ መዝለል ጀምራለች። እውነት ይጠራቀማል?

መልስ (ፋርማሲ ውስጥ የምሠራ)፦
እህቴ፣ እናትሽ መድኃኒቱን በስንት ሰዓት፣ ከምን ጋር ነው የሚውጡት?

ጠያቂዋ፦
ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ። ቡና ሳትጠጣ ምንም አትቀምስም። ሁለቱንም ክኒኖች መዳፏ ላይ ታደርግና በአቦሉ ትውጣቸዋለች።

መልስ (የፋርማሲው)፦
እንግዲያው ችግሩ እዚያው መዳፋቸው ላይ ነው። ይህ መድኃኒት ወደ ደም የሚገባው በትንሹ አንጀት በኩል ነው። በባዶ ሆድ በውኃ ቢወሰድ እንኳ የሚገባው ከ60 እስከ 80 በመቶ ያህል ብቻ ነው። ካልሲየም አንጀት ውስጥ ይይዘውና ከሰገራ ጋር ይዞት ይወጣል፤ ቡናም እንዳይገባ ያደርገዋል። ስለዚህ ማሸጊያው ላይ የተጻፈው 100 ደማቸው ውስጥ 100 አይደለም። እንደነቁ በአንድ ብርጭቆ ውኃ ብቻ ይዋጡት፤ ቡናውና ቁርሱ ከአንድ ሰዓት በኋላ ይሁን። ካልሲየሙ ቢያንስ አራት ሰዓት ይራቅ፤ ከምሳ ጋር ቢሆን ጥሩ ነው። የደም ማነስ ክኒን፣ ማለትም ብረት፣ ቢታዘዝላቸውም እንደዚሁ ነው።

አደራ፣ ይህን ለሐኪሙ ሳትነግሩ መጠኑ አይጨመር። መጠኑ ከፍ ብሎ ቡናውም ከተለየ መድኃኒቱ ይበዛባቸዋል፤ ልብ ይመታል፣ እንቅልፍ ይጠፋል፣ ውሎ ሲያድር አጥንት ይሳሳል።

መልስ (ነርስ)፦
ስለ መጠራቀሙ ልመልስልሽ። ደም ውስጥ ካለው ግማሹ ለመውጣት ሰባት ቀን ያህል ይፈጅበታል፤ ከብዙ መድኃኒቶች አንጻር ዘገምተኛ ነው። ፓራሲታሞል ለምሳሌ በሁለትና በሦስት ሰዓት ውስጥ ይጋመሳል። ግን ያለ ልክ እየተከመረ አይሄድም። ግቢ ውስጥ ያለውን ሮቶ አስቢው፤ በየቀኑ የሚገባው ውኃና የሚቀዳው እኩል ሲሆን ከፍታው አንድ ቦታ ይቆማል። በዚህ መድኃኒት እዚያ ለመድረስ ከአምስት እስከ ስድስት ሳምንት ያስፈልጋል፤ ከዚያ በፊት የሚደረግ የቲኤስኤች ምርመራ ያሳስታል።

ጉበታቸውም አልተጎዳም፤ ሥራውን ነው የሚሠራው። እሱና ኩላሊት ከመድኃኒቱ አራት የአዮዲን ቅንጣቶች አንዱን ያነሱለታል፤ ሰውነትን የሚያነቃው ቅርጽ ያን ጊዜ ይገኛል። የተረፈው አብዛኛው በሽንት፣ ጥቂቱ በሐሞት በኩል በሰገራ ይወጣል። ሁለት ቀን መዝለል ማለት ግን ከሳምንቱ ሁለት ሰባተኛውን መቀነስ ነው። እባክሽ ከዛሬ ጀምሮ አይዝለሉ።

መልስ (ከሰንዳፋ)፦
የእኔም እናት ቡናዋን አስቀድማ ካልጠጣች ቀኑ አይነጋላትም። ከሐኪሟ ጋር ተነጋግረን ወደ ማታ አዛወርነው፤ ከእራት ሦስት ሰዓት በኋላ፣ ልትተኛ ስትል። በጾም እስከ 9 ሰዓት ለምትቆይ እናትም ይሄ ይቀላል። ሌላው ደግሞ ማስቀመጫው ነው። እኛ ቤት ከከሰል ምድጃው በላይ ባለው መደርደሪያ ላይ፣ ከማሸጊያው ወጥቶ በቆርቆሮ ጣሳ ውስጥ ነበር። ሙቀት፣ እርጥበትና ብርሃን ያበላሹታል፤ ከነማሸጊያው ደረቅ ቦታ አስቀምጪላት።

ጠያቂዋ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የእኛም ከምድጃው አጠገብ ነበር፤ አሁን አንሥቼዋለሁ። ዛሬ ጠዋት በውኃ ዋጠች፤ ቡናውን እየቆላሁ ሰዓቱን ጠበቅንና አቦሉን 1 ሰዓት ተኩል ካለፈ በኋላ ቀዳሁላት። ሐሙስ ሐኪሙ ጋ ስንሄድ፣ ማዘዣውን ሳይጽፍ በፊት የካልሲየሙንና የአቦሉን ነገር እነግረዋለሁ።