የብስክሌት ጎማ ውስጥ ፈሳሽ መጨመር ያዋጣል?

ጠያቂ፦ ባሕር ዳር ነኝ፣ ሥራ የምመላለሰው በሳይክል ነው። የግራር እሾህ አስመረረኝ፤ ከጎሚስታው ጋር ዘመድ ልንሆን ምንም አልቀረን። ቀዳዳ ይደፍናል የሚሉትን ፈሳሽ የሞከረ አለ?

መልስ 1፦ ለእሾህ አሪፍ ነው። ጎማው ሲሽከረከር ፈሳሹ ውስጥ ያሉት ቃጫዎች ቀዳዳውን ይወትፉታል። ከ3 ሚሊ ሜትር ከሰፋ ወይም ጠርሙስ ከሰነጠቀው ግን አትድከም።

መልስ 2፦ መጀመሪያ ቫልቭህን እየው። እንደ መኪና ወፍራም ከሆነ መሀሉ ያለችው ትንሿ ክፍል ትፈታለች፤ በዚያ ታስገባለህ። ለአንድ ባለ 26 ኢንች ጎማ 120 ሚሊ ሊትር ገደማ ይበቃል። ስትነፋ ቫልቩን ወደ ላይ አዙረው፣ አለዚያ ፖምፓህ ይጨማለቃል።

ጠያቂ፦ በኋላ መለጠፍ ቢያስፈልግስ?

መልስ 1፦ ጣጣው እሱ ነው። ማስቲሽ እርጥብ ላይ አይዝም። በደንብ ጠርገህ አድርቀው። ለጎሚስታህም ቀድመህ ንገረው፣ ድንገት ከተረጨበት ይነጫነጫል።