ሁለት ክረምት የቆመ ፍሪዝ ድራየር ቫኪዩም አልይዝ አለኝ (ደብረ ብርሃን)

ጠያቂ፣ ከጠባሴ፦

ሰላም ለሁላችሁ። የቤት ፍሪዝ ድራየር አለኝ፤ ምግብ አቀዝቅዞ፣ አየሩን በፓምፕ ስቦ አውጥቶ (ቫኪዩም የሚሉት ይሄ ነው) የሚያደርቅ ማሽን ነው። ከአዲስ አበባ ስንመጣ ዕቃ ቤት ገብቶ ሁለት ክረምት እዚያው ቆየ። ባለፈው ሳምንት አወጣሁት። አይሱዙ ላይ ስንጭነው ተጋድሞ ስለነበር አንድ ቀን ሙሉ ቀጥ አድርጌ አቆምኩት፣ ከዚያ ሰካሁት። ማቀዝቀዙ ደህና ነው፣ ከዜሮ በታች 30 ይገባል። ችግሩ ቫኪዩሙ ላይ ነው። ፓምፑ ሲነሳ ያቃስታል፣ በተለይ ጠዋት ጠዋት፣ ከዚያ አንድ ሰዓት ሙሉ ሠርቶም ቁጥሩ (ውስጥ የቀረው አየር ግፊት ነው፣ ሲያንስ ይሻላል) ከ1,800 ሚሊቶር ንቅንቅ አይልም። ድሮ በግማሽ ሰዓት ከ500 በታች ይወርድ ነበር። ዘይቱን ሳልቀይር ነው ያስቀመጥኩት፣ አሁን በመስታወቱ ሳየው እንደ ጉሽ ጠላ ደፍርሷል። ፓምፑ ሞቶ ይሆን? ሌላ ለመግዛት አቅሙ የለኝም። አንድ ሰው ደግሞ «ከተማው 2,800 ሜትር ላይ ስለሆነ ነው» አለኝ። እውነት ነው?

መልስ 1፣ ፍሪጅ ጠጋኝ፦

እህቴ፣ ፓምፑን ቶሎ አትቅበሪው። መጀመሪያ ዘይቱ ነው። የደፈረሰው ውሃ ስለገባበት ነው። ውሃ ያለበት ዘይት እዚያው ፓምፑ ውስጥ እየተነነ ቫኪዩሙን ያበላሻል፣ ሲቆይ ደግሞ ብረቱን ያዝገዋል።

10 ወይም 15 ደቂቃ አስነሺው፣ ይሙቅ። አጥፊው፣ ገመዱን ንቀይ፣ ሳይቀዘቅዝ አፍስሺው። ሲሞቅ ነው ቆሻሻውን ይዞ የሚወጣው። አዲስ ዘይት በሁለቱ መስመሮች መካከል እስኪደርስ ጨምሪ፣ ትንሽ አሠሪውና ይሄንንም ድፊው። ጠርቶ እስኪወጣ ድገሚ። ዘይት አባከንኩ ብለሽ አታስቢ፣ ከፓምፑ ይረክሳል። የመኪና ዘይት ግን በፍጹም እንዳታደርጊ፤ ቅመም አለበት፣ በቫኪዩም ይተናል። የቫኪዩም ፓምፕ ዘይት የፍሪጅ ጋዝ የሚሸጡ ሱቆች ጋ ጠይቂ፣ እኛም ለሥራችን የምንጠቀመው እሱን ነው።

የጠዋቱ ማቃሰት ከብርዱ ነው። በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ ዘይቱ ይወፍራል፣ ሞተሩ ይከብደዋል። ፓምፑን ከሲሚንቶው ላይ አንሺው፣ ሰው የሚውልበት ክፍል አስገቢው። ሲያቃስት ደግመሽ ደጋግመሽ አታስነሺ፣ ሞተሩ ይቃጠላል።

መልስ 2፦

የከፍታውን ነገር እርሺው። ማሽኑ የሚለካው ክፍሉ ውስጥ የቀረውን አየር ነው፣ ከውጭው አየር ጋር አያወዳድርም። ባሕር ጠለል ላይ የአየሩ ግፊት 760 ቶር ነው፣ ደብረ ብርሃን ላይ ወደ 540 ገደማ ይሆናል። ስለዚህ ፓምፑ አውጥቶ የሚጥለው አየር እንዲያውም ያንሳል። በረዶ ውሃ ሳይሆን በቀጥታ እንዲተን ግፊቱ ከ4.6 ቶር መውረድ አለበት፣ ማሽኖቹ ግን ከዚያም በጣም ዝቅ አድርገው እስከ ግማሽ ቶር ይሄዳሉ፣ 500 ሚሊቶር የሚሉሽ እሱ ነው። እዚያ ካልደረሰ ወይ ዘይት ነው ወይ የሚያስገባ ቀዳዳ አለ።

ቀዳዳውን ከበሩ ጎማ ጀምሪ። ፓምፑ እየሠራ በግልጹ በር ላይ ባትሪ አብሪ፤ ጎማው በሩን የነካበት ጥቁር ቀለበት ዙሪያውን ሳይቋረጥ መታየት አለበት። አንድ ቦታ ከሳሳ አየሩ የሚገባው በዚያ ነው። የውሃ ማፍሰሻው ቫልቭ መዘጋቱንም እዪ፣ ብዙ ጊዜ ችግሩ እሱ ብቻ ሆኖ ይገኛል። ሙከራው ባዶና ደረቅ ሆኖ ነው፣ ምግብ እንዳታስገቢ።

መልስ 3፣ ከሸዋ ሮቢት፦

እኛ ጋ ችግሩ የተገላቢጦሽ ነው። ሙቀቱ ስለሚበረታ ማቀዝቀዙ ይደክማል፣ እኔ ማታ ማታ ነው የማሠራው። አንድ ነገር ልጨምር፣ መብራቱ ሲዋዥቅ ማሽኑን በቀጥታ አትሰኪው፣ ስታብላይዘር ይኑርሽ።

ጠያቂ፣ ከአራት ቀን በኋላ፦

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ሁላችሁንም። ዘይቱን ሦስት ጊዜ ቀየርኩ። የመጀመሪያው ቡና በወተት መስሎ ወጣ፣ ሦስተኛው ጠራ። ፓምፑን ወደ ሳሎን አስገባሁት፣ ማቃሰቱ ቆመ። ቁጥሩ ግን 900 ላይ ተገተረ። በባትሪ ሳይ ከታች በኩል ቀለበቱ ሁለት ጣት ያህል ተቋርጧል። በሩን ዘግቼ ስላስቀመጥኩት ጎማው እዚያ ጋ ተጨፍልቆ ቀርቷል። አውጥቼ ለብ ባለ ውሃ አጠብኩት፣ አደረቅኩት፣ ገልብጬ መለስኩት። ትናንት ማታ በ25 ደቂቃ 480 ገባ! ሁለት ጊዜ ባዶውን ደገምኩት፣ ያው ነው።

ሸዋ ሮቢት ያለኸው ወንድሜ፣ ማንጎ ከእናንተ አዝዣለሁ። እናቴ የሸኖ ቅቤም ይደረቅ ትላለች፣ ይሆናል?

መልስ 1፦

እሰይ! ቅቤው አይሆንም፣ ቅባት በዚህ ማሽን አይደርቅም፣ ትሪውን ብቻ ነው የሚያበላሽብሽ። ማንጎውን ስስ አድርገሽ ቁረጪ። ማሽኑን ስታስቀምጪው ደግሞ የፓምፑን ዘይት ቀይረሽ፣ በሩን ገርበብ አድርገሽ ተዪው።