አባት ሶኮሎቭ፣ ልጅ ሶኮሎቫ፦ ስሙ አይገጥምም ተባልኩ

የማሪያ እናት፦
ሰላም ለሁላችሁ። ባለቤቴ ሩሲያዊ ነው። ልጃችን የተወለደችው ሞስኮ ነው፤ አሁን አዲስ አበባ ገብተናል። ስማቸውን ቀይሬ ልንገራችሁ። እሱን ኢቫን ሶኮሎቭ፣ እሷን ማሪያ ሶኮሎቫ እንበላቸው።

የልደት ሰርተፍኬቷን አንድ ትርጉም ቤት አስተረጎምኩና ወደሚመለከተው ቢሮ ሄድኩ። መስኮቱ ላይ ያለችው ልጅ የአባትየውን ፓስፖርትና ትርጉሙን ጎን ለጎን አድርጋ አየች። «እሱ ሶኮሎቭ፣ እሷ ሶኮሎቫ። ስሙ አይገጥምም፤ አስተካክለሽ ነይ» አለችኝ። ቀጥላ ደግሞ «የልጅቷ ስም የቱ ነው? የአባቷስ?» አለች። ትርጉሙ ላይ የሰፈረው «ሶኮሎቫ ማሪያ ኢቫኖቭና» ነው። ምን ብዬ እንደማስረዳት ጠፋኝ። የእኔ ሩሲያኛ ቤት ውስጥ ለመግባባት ያህል ብቻ ነው።

ይሄ «ቭ» እና «ቫ» ምንድን ነው? ስሟን ማስቀየር አለብኝ? ወይስ የማስረዳበት መንገድ አለ?

ጋሽ ካርኮቭ፦
እህቴ፣ ስሟን እንዳታስነኪ! ምንም ስህተት የለበትም። እኔ በደርግ ጊዜ ካርኮቭ ተምሬያለሁ። ጓደኞቼ እስካሁን በከተማዋ ስም ነው የሚጠሩኝ። (ዩክሬኖች ራሳቸው ካርኪቭ ነው የሚሏት።)

«ኦቭ» በመሠረቱ የእኛ «የ» ነው። እኛ ከፊት እናስቀምጠዋለን፣ እነሱ ከኋላ ይቀጥሉታል። ኢቫኖቭ ማለት የኢቫን፣ ፔትሮቭ የፔትር ነው። ኩዝኔትስ ቀጥቃጭ ነው፤ ኩዝኔትሶቭ የቀጥቃጩ። ፖፖቭ የቄሱ። ቃሉ ለስለስ ባለ ድምፅ ሲያልቅ «ኤቭ» ይሆናል፤ አንድሬይ አንድሬዬቭ እንደሚሆነው። ሶኮል ደግሞ ጭልፊት ነው። ስለዚህ የባለቤትሽ ስም «የጭልፊት» ማለት ነው። ብዙዎቹ የእንስሳ ስሞች እንደዚህ ከቅጽል ስም የመጡ ናቸው። ቮልኮቭ የተኩላ፣ ሜድቬዴቭ የድብ፣ ዛይትሴቭ የጥንቸል። ያኔ በሬዲዮ ጠዋት ማታ የምንሰማው ጎርባቾቭም «ጎርባች» ከሚለው ነው፤ ጎባጣ ማለት ነው።

አገራችን ውስጥ ክላሽ የማያውቅ ሰው የለም። ካላሽኒኮቭ የሠሪው ስም ነው። ሩሲያዎች ካላች የሚሉት የስንዴ ዳቦ አላቸው። ካላሽኒክ ያንን ዳቦ የሚጋግር ወይም የሚሸጥ ሰው ነው። ካላሽኒኮቭ እንግዲህ «የዳቦ ጋጋሪው» ማለት ነው። መምህራችን ይሄን ስትነግረን ክፍሉ ጸጥ ነው ያለው። ግማሾቻችን ወንድሞቻችን ጦር ሜዳ ነበሩ።

ቃሉ በ«አ» ወይም በ«ያ» ካለቀ ደግሞ «ኢን» ይመጣል። ኒኪታ ኒኪቲን ይሆናል፣ ፎማ ፎሚን ይሆናል። ፑሽካ መድፍ ነው፤ ፑሽኪን የመጣው ከዚያ ነው።

አሁን ወደ ልጅሽ። ስሙ «የማን» የሚል ቅጽል ስለሆነ ከባለቤቱ ጾታ ጋር ይስማማል። ለወንድ ሶኮሎቭ፣ ለሴት ሶኮሎቫ። እኛስ ወንዱን ወልደ ጊዮርጊስ፣ ሴቷን ወለተ ጊዮርጊስ ስንል ሁለት የተለያየ ጊዮርጊስ ጠራን? ለመስኮቷ ልጅ ይህችኑ ንገሪያት። ቴኒስ የምትከታተል ከሆነ ማሪያ ሻራፖቫን ጥሪላት፤ አባቷ ዩሪ ሻራፖቭ ነው። የጎርባቾቭም ሚስት ራይሳ ጎርባቾቫ ነበረች። ናታሊያ ጎንቻሮቫ ፑሽኪንን ስታገባ ፑሽኪና ሆነች።

አስተርጓሚዋ፦
እንጀራዬ ይሄው ስለሆነ ልግባበት። ጋሼ ያሉት ሁሉ ልክ ነው። ግን የእህታችን ትልቁ ችግር «ቫ» አይመስለኝም፤ የስሞቹ አሰላለፍ ነው። በሩሲያ የመንግሥት ወረቀት ላይ መጀመሪያ የሚጻፈው የቤተሰብ ስም ነው። ቀጥሎ የራስ ስም፣ መጨረሻ ላይ የአባት ስም ይመጣል። ትርጉም ቤቱ ያንኑ ተራ ይዞ ገለበጠው። በእኛ አነባበብ እንግዲህ ልጅቷ «ሶኮሎቫ»፣ አባቷ «ማሪያ»፣ አያቷ «ኢቫኖቭና» ሆኑ ማለት ነው። የመስኮቷ ልጅ ግራ ብትጋባ አይፈረድባትም።

ኢቫኖቭና ማለት የኢቫን ሴት ልጅ ነው። ለወንድ ኢቫኖቪች ይሆናል። የአባትየው ስም ኢቫን ከሆነ ማስረጃው እዚያው ስሟ ውስጥ ቁጭ ብሎልሻል። ለኢትዮጵያዊ ይሄ ከቤተሰብ ስሙ ይልቅ ቅርብ ነው፤ እኛም በአባታችን ስም ነው የምንጠራው።

ስለዚህ ትርጉሙን መልሰሽ ውሰጂና «የቤተሰብ ስም፦ ሶኮሎቫ፤ የራስ ስም፦ ማሪያ፤ የአባት ስም፦ ኢቫኖቭና» ተብሎ ተለይቶ ይጻፍልሽ። ከሥሩ እንዲህ የሚል ማስታወሻ ይግባ፦ «በሩሲያኛ የቤተሰብ ስም መጨረሻ እንደ ባለቤቱ ጾታ ይለያያል። ሶኮሎቭ (ወንድ) እና ሶኮሎቫ (ሴት) አንድ የቤተሰብ ስም ናቸው።» የአስተርጓሚው ፊርማና የቤቱ ማህተም ማስታወሻውንም ይሸፍን። በዚህ ካልረኩ የሩሲያ ኤምባሲ ቆንስላ ክፍል የማረጋገጫ ደብዳቤ ይሰጥሽ እንደሆነ ጠይቂ።

አንድ ነገር ደግሞ ተጠንቀቂ። ሌላም የሩሲያ ወረቀት ካለሽ ስሙ በዓረፍተ ነገሩ ውስጥ መልኩን ይቀይራል። «ዲፕሎም ሶኮሎቫ» ቢል የሴት አይደለም፤ «የሶኮሎቭ ዲፕሎም» ማለት ነው። «ለሶኮሎቭ ተሰጠ» ለማለት ሶኮሎቩ ይላሉ፤ ለሴት ከሆነ ሶኮሎቮይ። አንድ ጊዜ ሌላ ቦታ የተተረጎመ ፋይል መጣልኝ። አንዱ ሰውዬ በሦስት ወረቀት ላይ ሶኮሎቭ፣ ሶኮሎቫ፣ ሶኮሎቩ እንደሚባለው ሦስት ሰው ሆኗል። ዲፕሎማው በእጁ፣ ማህተሙ ደህና፤ ግን የእሱ መሆኑን የሚያምነው አጥቶ ስንት ቀን ተመላለሰ። አሁንም ትዝ ሲለኝ ያበሽቀኛል። ስትተረጉሙ እባካችሁ ስሙን ወደ መነሻው መልሱት።

ሮስቶቭ ያለሁ ተማሪ፦
እኔም በዚሁ ልጠይቅ። ቋንቋውን ገና መጀመሬ ነው። የከተማዬ ስም ራሱ በ«ኦቭ» ያልቃል። ግን ሰዓት ስጠይቅ «ፒያት ቻሶቭ» ይሉኛል፤ ክፍል ውስጥ «ምኖጎ ስቱዴንቶቭ» ይላሉ። እነዚህም «የማን» ናቸው? ደግሞ የዶርማችን ኃላፊ ስሟ በ«ኮ» ነው የሚያልቀው። ሴት ሆና «ቫ» የላትም!

ጋሽ ካርኮቭ፦
ጎበዝ፣ ጥሩ አየህ። እነዚያ ሌላ ናቸው። ከአምስት እስከ ሃያ ካሉት ቁጥሮች በኋላ ወይም «ብዙ» ከሚለው ቃል በኋላ ብዙ የወንድ ጾታ ስሞች «ኦቭ» ይጨምራሉ። ቻስ ሰዓት ነው፣ ፒያት ቻሶቭ አምስት ሰዓት። እኔም የመጀመሪያው ሰሞን ስቱዴንቶቭ የሚባል ልጅ ያለ መስሎኝ ፈልጌዋለሁ። የከተማ ስም ላይ ግን የጥንቱ «የ» አለ። ኪየቭን የድሮ ዜና መዋዕላቸው ኪይ የሚባል ሰው ከተማ ናት ይላል፤ የኪይ።

«ኢን» ላይም ተጠንቀቅ። ማጋዚን ሱቅ ነው እንጂ የማንም አይደለም። አርምያኒን አንድ አርመናዊ ነው፤ ሲበዙ «ኢን» ይወድቅና አርምያኔ ይሆናሉ።

በ«ኮ» የሚያልቁት አብዛኞቹ ከዩክሬን ወገን የመጡ ስሞች ናቸው። ሸቭቼንኮ ለኳስ ተጫዋቹም ለእህቱም ሸቭቼንኮ ነው። በ«ስኪ» የሚያልቀው ግን ይለወጣል። ዶስቶየቭስኪ፣ ሚስቱ ዶስቶየቭስካያ። እሱ ዶስቶየቮ ከምትባል መንደር የመጣ ስም ነው።

አስተርጓሚዋ፦
ለተማሪው አንድ የምወዳት ነገር ልጨምርለት። «ከፑሽኪን ጋር» ሲሉ «ስ ፑሽኪኒም» ይላሉ። «ከዳርዊን ጋር» ሲሉ ግን «ስ ዳርቪኖም»። ሁለቱም በ«ኢን» ያልቃሉ። ቋንቋው ግን የዳርዊን «ኢን» የራሱ እንዳልሆነች ያውቃል።

ደግሞ መጨረሻ ላይ ያለችው «ቭ» ስትነገር «ፍ» ነው የምትሰማው፤ ሶኮሎፍ። ለዚህ ነው በአማርኛ አንዱ ኢቫኖፍ፣ ሌላው ኢቫኖቭ የሚጽፈው። እህቴ፣ በሁሉም ወረቀትሽ ላይ በ«ቭ» ብቻ ይሁን። «ሶኮሎፍ» እና «ሶኮሎቫ» ከተጻፈ ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው።

ታሪክ ወዳድ፦
ቡላቶቪችን እዚህ ማንሳት አለብኝ። በምኒልክ ጊዜ፣ በ1898 እ.ኤ.አ.፣ ከራስ ወልደ ጊዮርጊስ ጦር ጋር እስከ ሩዶልፍ (የዛሬው ቱርካና) ሐይቅ የወረደው የሩሲያ መኮንን ነው። ሙሉ ስሙ አሌክሳንደር ክሳቬርዬቪች ቡላቶቪች። ሁለት «ቪች» አለበት። የመጀመሪያው አባቱ ክሳቬሪ መሆኑን ይናገራል። ሁለተኛው የቤተሰብ ስም ነው፤ ከአባት ወደ ልጅ እንዳለ ይተላለፋል። በ«ቪች» ያለቀ ሁሉ የአባት ስም እንዳይመስላችሁ፤ ቦታውን እዩ።

የማሪያ እናት፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ ሁላችሁንም። ዛሬ ትርጉም ቤቱ ሄጄ ስሞቹን ለይተው፣ ማስታወሻውን ከሥሩ ጽፈው፣ ማህተም አድርገው ሰጡኝ። ነገ ይዤው እሄዳለሁ። ጋሼ፣ የወለተ ጊዮርጊስን ነገር ለባለቤቴ ነግሬው ደጋግሞ አስጠራኝ። ደግሞ ላልደብቃችሁ፣ ነፍሰ ጡር ነኝ። ወንድ ከሆነ አጻጻፉ እንዴት ነው? ከእህቱ ጋር ሌላ ጣጣ እንዳይመጣብኝ ከአሁኑ ልወቅ።

አስተርጓሚዋ፦
እንኳን ደስ አለሽ! ሶኮሎቭ፣ ከዚያ የመረጣችሁለት ስም፣ ከዚያ ኢቫኖቪች። ማስታወሻዋን በእሱም ወረቀት ላይ አስገቢ፤ ያኔ የማይገጥመው ከእህቱ ጋር ነው የሚሆነው።

ጋሽ ካርኮቭ፦
በሰላም ያገላግልሽ፣ እህቴ። ነገ ቢሮው ምን እንዳለሽ እዚሁ ጻፊልን።