ቻትቦትን ከአርዱዊኖ ሮቦት ጋር ማገናኘት፦ ሞዴሉ ይናገራል፣ ሮቦቷ ግን አትታዘዝም

ጥያቄ (ከጀማሪ ሠሪ)

ሰላም ለሁላችሁም። በትርፍ ጊዜዬ አራት ጎማ ያላት አነስተኛ ሮቦት ሠርቻለሁ። ሞተሮቿን በኤል298ኤን (ለሞተሮች ኃይል በሚያደርስ ሰሌዳ) በኩል የሚያዝዘው አርዱዊኖ ኡኖ የተባለው አነስተኛ መቆጣጠሪያ ሰሌዳ ሲሆን፣ ከእሱ ጋር በዩኤስቢ ገመድ የተያያዘው ራስበሪ ፓይ 4 የተባለው ትንሽ ኮምፒውተር ደግሞ በኢንተርኔት ከአንድ የቋንቋ ሞዴል፣ ማለትም ከቻትቦት፣ ጋር ይነጋገራል። ከፊቷ ርቀት የሚለካ የአልትራሳውንድ ሴንሰር ገጥሜላታለሁ። ሐሳቤ ከስልኬ በአማርኛ «ትንሽ ወደፊት ሂጂና ወደ ግራ ዙሪ» ብዬ ስጽፍላት እንድትፈጽም ነበር፤ ሆኖም ሞዴሉ «እሺ፣ በደስታ ወደ ግራ እዞራለሁ» ብሎ በትሕትና ይመልስልኛል እንጂ ሮቦቷ ንቅንቅ አትልም። እንደ ምንም ስትንቀሳቀስም፣ የሴንሰሩን ንባብ ለሞዴሉ ልኬ መልሱ እስኪመጣ ድረስ ከግድግዳ ጋር ትጋጫለች። በዚህ ላይ ሞተሮቹ ሲነሡ ራስበሪው አልፎ አልፎ ጠፍቶ እንደገና ይነሣል። አርዱዊኖውን አውጥቼ ሁሉንም ሥራ ለራስበሪው ብሰጠው ይሻል ይሆን?

መልስ (ከሽቦ ወዳጅ)

አርዱዊኖውን አያውጡት፤ እንዲያውም ሥልጣን ይጨምሩለት። የተለመደው ኡኖ (አር3) ያለው የሥራ ማስታወሻ (ራም) 2 ኪሎባይት ብቻ ስለሆነ ከሰው ጋር መነጋገር አይሆንለትም፤ በቅጽበት ማቆም ግን ይችላል። ሴንሰርዎ ርቀት የሚለካው ድምፅ ልኮ ማሚቶውን በመጠበቅ ነው፤ ድምፅ በአየር ውስጥ በአንድ ሚሊሰከንድ 34 ሴንቲሜትር ያህል ስለሚጓዝ፣ በ30 ሴንቲሜትር ርቀት ካለ ግድግዳ የሚመለሰው ማሚቶ 2 ሚሊሰከንድ እንኳ አይፈጅም። የሞዴሉ መልስ ግን 3 ሰከንድ ከዘገየና ሮቦቷ በሰከንድ ግማሽ ሜትር የምትሄድ ከሆነ፣ «ቁሚ» የሚለው ቃል ሲደርስ አንድ ሜትር ተኩል አልፋለች ማለት ነው። ስለዚህ ግድግዳ ሲቀርብ የማቆሙ ውሳኔ ከናካቴው ወደ ሞዴሉ መሄድ የለበትም፤ አርዱዊኖው ራሱ ለክቶ ራሱ ያቁም፣ ከላይ የመጣለት ትእዛዝ «ወደፊት» ቢልም እንኳ አይስማ። በተጨማሪም ራስበሪው በዚያ ሰዓት መፈጸም ያለበትን ትእዛዝ በየ200 ሚሊሰከንዱ እየደጋገመ ይላክለት፤ አርዱዊኖው ለግማሽ ሰከንድ ምንም ካልሰማ ሞተሮቹን ያጥፋ። እኔ ይህን የተማርኩት ኢንተርኔቱ በተቋረጠበት ቅጽበት የመጨረሻውን ትእዛዝ ይዛ ደረጃ የወረደች ሮቦት ከኖረችኝ በኋላ ነው።

የሞዴሉ ትሕትና ጉዳት የለውም፣ ቦታው ነው የተሳሳተው። መልሱን ሁለት ክፍል ባለው ጄሶን (ፕሮግራም በቀላሉ በሚያነበው የጽሑፍ ቅርጽ) እንዲሰጥዎ ይዘዙት፤ አንደኛው ክፍል ለሰው የሚነገር ዓረፍተ ነገር፣ ሁለተኛው ደግሞ እርስዎ ከወሰኑት አጭር ዝርዝር ውስጥ ብቻ የተመረጡ ድርጊቶች ከነቆይታቸው፣ በቅደም ተከተል። እንዲህ ሲሆን «በደስታ» የሚለው ወደ ስልክዎ፣ «ግራ» የሚለው ወደ ጎማው ይሄዳል። ከዝርዝሩ ውጭ የሆነ ድርጊት ከመጣ፣ ወይም ቆይታው ከ2 ሰከንድ ከበለጠ፣ ራስበሪው አይቀበለው። የጉግል ተመራማሪዎች በ2022 ሴይካን በሚል ስም ያቀረቡት ሥራም ሞዴሉን ከተወሰኑ ክህሎቶች መካከል እንዲመርጥ የሚያደርግ ነበር፤ ሮቦቱ ባለበት ሁኔታ የትኛውን መፈጸም እንደሚችል የሚመዝነው ግን ሌላ ክፍል ነው።

መልስ (ከባትሪ ቤት)

ራስበሪው የሚጠፋው በኮዱ ምክንያት አይመስለኝም። ሞተር ሲነሣ የሚስበው ኃይል በጉዞ ላይ ሳለ ከሚስበው በብዙ እጥፍ ይበልጣል፤ ራስበሪ ፓይ 4 ደግሞ የሚደርሰው ቮልቴጅ ከ4.63 በታች ሲወርድ ማስጠንቀቂያ ይሰጣል። ምናልባት ራስበሪውን ከኤል298ኤን የ5 ቮልት መውጫ እየመገቡት ይሆን? ያ መውጫ ከግማሽ አምፔር ገደማ አያልፍም፤ ለራስበሪ ፓይ 4 የሚመከረው ግን 3 አምፔር ነው። ለሞተሮቹ የራሳቸውን ባትሪ፣ ለራስበሪው የራሱን ይስጡ፤ የሁለቱን ኔጌቲቭ ብቻ ያገናኙ፣ ፖዘቲቮቹን አያነካኩ። አርዱዊኖውን ካወጡት ሌላም ጣጣ አለ፤ ሴንሰርዎ ኤችሲ-ኤስአር04 ከሆነ በ5 ቮልት ይመልሳል፣ የራስበሪው እግሮች (ሽቦ የሚገባባቸው ፒኖች) የሚችሉት ግን 3.3 ቮልት ብቻ ስለሆነ፣ በመሃል ቮልቴጁን የሚቀንሱ ሬዚስተሮች ሳይገቡ ቢያያዝ ራስበሪው ሊቃጠል ይችላል።

መልስ (ከፊደል ቆጣሪ)

በአማርኛው በኩል ጥቂት ልጨምር። አንዱ ሰው «ጸጥ በዪ»፣ ሌላው «ፀጥ በዪ» ብሎ ይጽፋል፤ ለኮምፒውተሩ እነዚህ የተለያዩ ቃላት ናቸው። ስለዚህ ጽሑፍን ከጽሑፍ ከማነጻጸርዎ በፊት ሐንና ኀን ወደ ሀ፣ ሠን ወደ ሰ፣ ዐን ወደ አ፣ ፀን ወደ ጸ ይመልሱ። «ቁም» እና «ቁሚ»ም አንድ ትእዛዝ መሆናቸውን አይርሱ። ወደ አርዱዊኖው ግን የአማርኛ ጽሑፍ አይላኩ፤ እያንዳንዱ ፊደል በዩቲኤፍ-8 (ኮምፒውተሮች ጽሑፍን በሚያስቀምጡበት የተለመደ አሠራር) ሦስት ባይት ይወስዳል፣ የአንድ አኃዝ ኮድ ይበቃል። ደግሞም የዩኤስቢው መስመር በተከፈተ ቁጥር ኡኖ እንደ አዲስ ስለሚነሣ፣ የመጀመሪያውን ትእዛዝ ከመላክዎ በፊት 2 ሰከንድ ያህል ይታገሡ።

ጠያቂው

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። በእርግጥም የምመግበው ከኤል298ኤን ነበር፤ ባትሪዎቹን ከለየኋቸው ወዲህ ራስበሪው አንድም ጊዜ አልጠፋም። ርቀቱን አርዱዊኖው እንዲቆጣጠር ስላደረግሁ ሮቦቷ አሁን ከግድግዳ 20 ሴንቲሜትር ላይ ትቆማለች። የሚገርመኝ ግን የሳሎኑን መጋረጃ ጨርሶ አለማየቷ ነው፤ ሰተት ብላ ትገባበታለች።

መልስ (ከሽቦ ወዳጅ)

ጨርቅ ድምፁን ስለሚውጠው ማሚቶው አይመለስም፤ ሰያፍ የቆመ ግድግዳም ድምፁን ወደ ሌላ አቅጣጫ ስለሚወረውረው እንዲሁ ያታልላታል። ከፊቷ ሲነካ የሚጫን ማብሪያ ማጥፊያ ይግጠሙላትና እሱንም ከአርዱዊኖው ጋር ያያይዙት።