ስለ ቡሊንግ የተጻፉ የወጣቶች ልቦለዶች፦ ምን ይጎድላቸዋል?

ጠያቂ
ሰላም ለሁላችሁ። አዲስ አገር ገብቶ ትምህርት የጀመረ የ12 ወይም የ13 ዓመት ልጅ ስለ ቡሊንግ (ልጅን ደጋግሞ ማዋረድና ማጥቃት) የተጻፈ ልቦለድ ቢያነብ ይጠቅመዋል ወይስ ያስፈራዋል? ትምህርት ቤቶች እንዲህ ያሉ መጻሕፍት ለልጆች ይመክራሉ። የምታውቁ በዝርዝር ብታስረዱን።

የትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ
እህቴ፣ ያንብብ፤ ብቻውን ግን አይደለም። የብዙዎቹ መጻሕፍት ትልቁ ጉድለት ዋናው ሥራ ሊጀመር ሲል ማለቃቸው ነው። ተበዳዩ ሰው በተሰበሰበበት እውነቱን ይናገራል፣ በዳዩ አንገቱን ይደፋል፣ መጽሐፉ ይዘጋል። ከባዶቹ ግን ነገሩ ከተነገረ በኋላ ያሉት ሳምንታት ናቸው፦ «ቀልድ እኮ ነው» የሚል ክህደት፣ «አሳባቂ» የሚል ስም፣ ከቡድን ሥራ ቀስ በቀስ መገፋት። ይህን ያላነበበ ልጅ አንዴ ተናግሮ ካልቆመለት ጥፋቱን የራሱ ያደርገዋል፤ ሁለተኛም አይናገርም።

በዳዩንም አጣመው ይስሉታል። ወይ አውሬ ነው፣ ወይ ቤቱ ውስጥ የሚደበደብ ምስኪን። እንደዚያ ያሉ አሉ። ግን በተማሪ ዘንድ ተወዳጅ፣ በአስተማሪ ፊት ጨዋ የሆነም ብዙ ነው፤ ትልልቆች ክሱን ለማመን የሚቸገሩትም በዚህ ነው። አውሬ የሚጠብቅ ልጅ «ጓደኛዬ» የሚላት ልጅ በየቀኑ ስታዋርደው ቡሊንግ መሆኑን አይለየውም።

ከሁሉ የሚቆጨኝ የተመልካቾቹ ነገር ነው። ፊንላንዳዊቷ ተመራማሪ ክርስቲና ሳልሚቫሊና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ1996 ባወጡት ጥናት ልጆቹን በሚና ለይተዋል፦ በዳዩን የሚያግዝ፣ በሳቅ የሚያጋግል፣ ዞር የሚል፣ የሚከላከል። ካናዳ ውስጥ በመጫወቻ ሜዳዎች ላይ የተደረገና እ.ኤ.አ. በ2001 የታተመ ጥናት ደግሞ እኩዮች ጣልቃ ሲገቡ 57 በመቶ በሚሆነው ጊዜ ድርጊቱ በ10 ሰከንድ ውስጥ እንደቆመ አሳይቷል። ልቦለዶቹ ግን አንድ ጀግና ጓደኛ ይሰጡንና የቀረውን «ሁሉም ሳቁ» ብለው ያልፉታል። የምሳ ሰዓትን ውሰዱ፦ አንዷ ባዶው ወንበር ላይ ቦርሳ ታስቀምጥና «ተይዟል» ትላለች። ገበታው ላይ ሌሎች አምስት ልጆች አሉ። አንዱ ምንም ሳይናገር ቦርሳውን መሬት ቢያወርደው ነገሩ እዚያው ይከሽፋል። እንዲህ ያለ ትንሽ ተግባር ልጅ ሊደግመው ይችላል፤ በመድረክ ላይ ንግግር ማድረግን ግን አይችልም።

የወላጆችና የትምህርት ቤት አገናኝ
በስደተኛ ልጅ ላይ የሚጻፈውን ልጨምር። በስሙ፣ በፀጉሩ ወይም በአነጋገሩ ይሰደባል፤ ከዚያ ጎል ያገባል ወይም በዘፈን ውድድር ያሸንፋል፣ ሁሉም ይወደዋል። ትርጉሙ «ሰላም ለማግኘት ጎበዝ መሆን አለብህ» ማለት ነው። ይህ ስህተት ነው። ጎል የማያገባውም ልጅ መብት አለው።

ወላጆችም እዚያ ታሪክ ውስጥ ወይ የሉም፣ ወይ ቋንቋ የማያውቁ አሳፋሪዎች ናቸው፤ ልጁ ራሱ ያስተረጉማል። እባካችሁ ይህን አታድርጉ። ልጅ ስለ ራሱ በደል ሲያስተረጉም የሚያሳፍረውን ቃል ይዘለዋል። አስተርጓሚ እንዲመጣ ከስብሰባው በፊት ትምህርት ቤቱን በጽሑፍ ጠይቁ።

የትምህርት ቤት አማካሪ
ሁለት ነገር ብቻ። ብዙ መጽሐፍ ሁለቱን ልጆች ፊት ለፊት አስቀምጦ ያስታርቃል። የቡሊንግ ተመራማሪው ዳን ኦልዌስ ቡሊንግን ከተራ ጠብ የለየው በሦስት ነገር ነው፦ ለመጉዳት ማሰብ፣ መደጋገም፣ የኃይል አለመመጣጠን። እኩዮች ሲጣሉ ሽምግልና ይሠራል፤ ኃይሉ ካልተመጣጠነ ግን ተበዳዩ ፈርቶ «ይቅር ብያለሁ» ይላል፣ በደሉም ተደብቆ ይቀጥላል። ትምህርት ቤቱ ሁለቱን ለየብቻ እንዲያነጋግር ጠይቁ።

ሁለተኛው ይበልጣል። ተበዳዩ ራሱን አጥፍቶ በዳዮቹ ሲጸጸቱ የሚያሳዩ ታሪኮች አሉ። ሞትን መልስ አስመስለው ያቀርቡታልና ለተጨነቀ ልጅ አደገኛ ናቸው። የመጨረሻዎቹን ምዕራፎች እናንተ ቀድማችሁ አንብቡ። ልጁ ስለ መሞት ካወራ መጽሐፉን ተዉትና በዚያው ቀን ወደ ሐኪም ወይም ወደ አስቸኳይ እርዳታ ሂዱ።

ጠያቂ
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። አብረን ስናነብ ምን ልጠይቀው?

የትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ
«አንተ ብትሆን ምን ታደርግ ነበር?» አትበይው፤ ምርመራ ይመስለዋል። ስለ ገጸ ባሕርያቱ ጠይቂው። የስድብ ትዕይንት ላይ ቁሙና «እዚህ ማን ማን ነበር? ማን ሳቀ? ማን ስልኩን አየ?» በይው። ልጁ በደሉን የሚደብቅበት ገጽ ላይ «ለየትኛው ትልቅ ሰው ቢነግረው ይሻላል? መጀመሪያ ምን ይበል?» መጽሐፉ ሲያልቅ ደግሞ ከታሪኩ ቀጥሎ በሚመጣው ሰኞ የሚሆነውን በአንድ ገጽ ይጻፈው።

የወላጆችና የትምህርት ቤት አገናኝ
መጽሐፎቹ የሚዘሉት ማስረጃውንም ነው። ቀን፣ ሰዓት፣ ቦታ፣ የነበሩት ልጆች፣ የተባለው ቃል በተባለበት ቋንቋ ይመዝገብ፤ ወደ አማርኛ ከተመለሰ ክብደቱ ይጠፋል። በስልክ የመጣ ከሆነ አካውንቱን ብሎክ ከማድረግ በፊት ስሙና ቀኑ የሚታይበት ስክሪንሾት ይነሣ። ከዚያ ለክፍል ኃላፊው ኢሜይል ጻፉ፤ ምን እንደሚያደርጉና እስከ መቼ እንደሚመልሱ ጠይቁ። በቃል ብቻ ከተነጋገራችሁ የተባባላችሁትን በዚያው ዕለት ጽፋችሁ ላኩላቸው። ቀኑ ካለፈ ያንኑ ኢሜይል ለርዕሰ መምህሩ አስተላልፉ።