ሃሎፔሪዶል እያለቀ ነው፣ የገባው የፍሉፌናዚን መርፌ ነው፤ እንዴት ላሻግራቸው?

ጠያቂ (ነርስ፣ የወረዳ ጤና ጣቢያ)
ሰላም ለቤቱ። በኤም ኤች ጋፕ (የዓለም ጤና ድርጅት የአእምሮ ጤና) መመሪያ 12 የሳይኮሲስ (ድምፅ መስማትን የመሰለ ከእውነታ የሚያርቅ የአእምሮ ሕመም) ታካሚዎች እንከታተላለን። ሁሉም በቀን ከ5 እስከ 10 ሚ.ግ ሃሎፔሪዶል ይወስዳሉ። የቀረን ባለ 5 ሚ.ግ 140 ፍሬ ነው፤ በቀን ወደ 17 ፍሬ ስለሚወጣ ከስምንት ቀን አያልፍም። በምትኩ 60 አምፑል ፍሉፌናዚን ዴካኖኤት (25 ሚ.ግ በ1 ሚ.ሊ) ገብቷል። ሌላው የሳይኮሲስ ክኒን ክሎርፕሮማዚን ባለ 100 ሚ.ግም አለ። ከታካሚዎቹ አንዱ የ22 ዓመት ልጅ ነው፤ ሃሎፔሪዶል ሲጀምር አንገቱ ተቆልምሞ ነበር። አንዱ 67 ዓመታቸው ነው። ሦስቱ ሰኞ ለሱባኤ ፀበል ሊገቡ ነው። ዶዙ እንዴት ይሰላል? ሁሉንም ባንዴ ባሻግርስ?

ሳይካትሪ ነርስ
ሲስተር፣ ባንዴ አታሻግሪ። ዴፖ (እንደ ፍሉፌናዚን ዴካኖኤት በጡንቻ ተቀምጦ ቀስ እያለ የሚለቀቅ መርፌ) አንዴ ከገባ ተመልሶ አይወጣም፤ ጉዳት ቢያመጣ ለሳምንታት አብሮ ይቆያል። ልጁንና አዛውንቱን እዚያው ሃሎፔሪዶላቸው ላይ ተያቸው። ሁለቱም 5 ሚ.ግ በቀን የሚበቃቸው ከሆነ 140ው ፍሬ ለሁለቱ ብቻ 70 ቀን ይሆናል። ለ12 ሰው ተካፍሎ በሳምንት ከሚያልቅ ይህ ይሻላል።

ለቀሩት አሥሩ የሃሎፔሪዶሉን ሚሊግራም ወደ መርፌ ለመመንዘር አትድከሚ። መጀመሪያ የሙከራ ዶዝ 12.5 ሚ.ግ ነው፤ ማለትም 0.5 ሚ.ሊ፣ ግማሽ አምፑል። ከሳምንት በኋላ አንገቱን፣ ምላሱን፣ አረማመዱን አይተሽ ደህና ከሆነ 25 ሚ.ግ ስጪ። ከዚያ በየ4 ሳምንቱ። በሦስተኛው ሳምንት ድምፅ መስማቱ ከተመለሰ ወደ 2 ወይም 3 ሳምንት አቅርቢው። ዴፖው ሙሉ ጉልበቱን ለማግኘት ሁለት ወር ገደማ ስለሚወስድ ያለ ክኒን የተተወ ታካሚ መሃል ላይ ይነሳበታል። ክፍተቱን ክሎርፕሮማዚን 100 ሚ.ግ ማታ ማታ ይሸፍንልሻል፤ ሲረጋጋ ቀስ እያልሽ ቀንሺ። የደም ግፊት ተኝቶም ቆሞም ለኪ፤ ሲነሱ ማዞር የተለመደ ነው።

አወጋጉ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። መድኃኒቱ በሰሊጥ ዘይት የተበጠበጠ ነው። ሰሊጥ የማይስማማው ሰው ካለ አይወጋም። ሲሪንጁና መርፌው ደረቅ ይሁኑ፤ ውሃ ከነካው ይደፈርሳል። ዘይቱ ወፍራም ስለሆነ 21 ጌጅ ተጠቀሚ። የመቀመጫውን የላይኛውን ውጫዊ ሩብ ምረጪ፣ ቆዳውን 2 ወይም 3 ሳ.ሜ ወደ ጎን ሳቢ፣ አስገቢ፣ ደም እንደሌለ ፈትሺ፣ በዝግታ ግፊ። አሥር ቆጥረሽ መርፌውን አውጪና ቆዳውን ልቀቂ። አታሺው፤ ዘይቱ ወደ ላይ ይወጣል። በሚቀጥለው ጊዜ በሌላው ጎን።

ጤና መኮንን
እጨምራለሁ። አንገት መቆልመም፣ ዓይን ወደ ላይ መሰቀል ወይም ምላስ መጠምዘዝ ከመጣ ቤተሰብ «ሰይጣኑ ተነሳ» ብሎ ሊያስረው ይችላል፤ ባለሙያም ቴታነስ ይመስለዋል። ስለዚህ ከመወጋቱ በፊት ለአስታማሚው ንገሩት፣ ይህ የመድኃኒቱ ጉዳት ነውና ወዲያው አምጡት በሉ። ፕሮሜታዚን 50 ሚ.ግ በጡንቻ ስጡ፤ ከሌለ ዲያዜፓም ከ5 እስከ 10 ሚ.ግ። ጉሮሮ ተይዞ ትንፋሽ ካጠረ ድንገተኛ ነው፤ እዚያው የፕሮሜታዚኑን መርፌ ሰጥታችሁ ወደ ሆስፒታል ሪፈር። በዴፖ ከሆነ መድኃኒቱ ሰውነት ውስጥ ስላለ ይመለሳል፤ አርቴን (ትራይሄክሲፈኒዲል፣ መቆልመሙን የሚከላከል ክኒን) 2 ሚ.ግ በቀን ሁለቴ ለሁለት ሳምንት አስከትሉ።

ትኩሳት፣ እንደ እንጨት መድረቅ፣ ላብና መደናገር አንድ ላይ ካያችሁ ወባ ነው ብላችሁ ብቻ አትቆዩ። መድኃኒቱን አቁሙ፣ በዚያው ቀን ወደ ሆስፒታል።

ጠያቂ
እንግዲያው ለሁሉም ከመርፌው ጋር አርቴን ከመጀመሪያው ብሰጥስ?

ሳይካትሪ ነርስ
አይሆንም። አዛውንትን ያደናግራል፣ ሽንት ይከለክላል፣ ከክሎርፕሮማዚን ጋር ሆድ ያደርቃል። ወጣቶች ለምርቃና የሚፈልጉት ክኒን መሆኑንም አትርሺ።

ሌላው የመድኃኒቱ ጉዳት አካቲዚያ ነው። ታካሚው መቀመጥ ያቅተዋል፣ እየተነሳ ይመላለሳል፤ ባለሙያው «ሕመሙ ባሰ» ብሎ ዶዝ ይጨምርለታል፣ ያኔ ይብሳል። ጠይቂው፦ «ሐሳብህ ነው የሚያስነሳህ ወይስ እግርህ ነው አላርፍ ያለህ?» እግሬ ካለ ዶዝ ቀንሺ። አስም ከሌለበት ፕሮፕራኖሎል 10 ሚ.ግ በቀን ሦስት ጊዜ ይረዳዋል።

ፋርማሲስት
ስለ አቅርቦቱ እኔ ልናገር። ለጤና ጣቢያ ከሁለት ሳምንት በታች ስቶክ (በእጅ ያለ ክምችት) ማለት የአስቸኳይ ጥያቄ ነው። እናንተ ስምንት ቀን ነው ያላችሁ፤ የሁለት ወሩን ሪፖርት ሳትጠብቁ ዛሬ ላኩ። ጎረቤት ጤና ጣቢያ ትርፍ ካለው በሞዴል 22 (የወጪ ቅጽ) አስወጥታችሁ በሞዴል 19 (የገቢ ቅጽ) ገቢ አድርጉ።

መድኃኒት ሁልጊዜ የሚያንሳችሁ ምናልባት አር አር ኤፉ (የመድኃኒት ሪፖርትና መጠየቂያ ቅጹ) ላይ ባለው ስሌት ነው። በ60 ቀን ውስጥ ስቶክ የነበረው 20 ቀን ብቻ ሆኖ 600 ፍሬ ከወጣ፣ ፍጆታ 600 ብላችሁ ከጻፋችሁ የሚፈቀድላችሁ ከፍተኛ መጠን እጥፉ 1,200 ነው። ትክክለኛው 600 ለ20 ተካፍሎ በ60 ሲባዛ 1,800፣ እጥፉ 3,600 ነው። ቢን ካርዱ (የመድኃኒቱ ገቢና ወጪ መመዝገቢያ ካርድ) ላይ ባዶ የነበረበትን ቀን ካልጻፋችሁ ይህን ማስላት አይቻልም። ማስተካከያውን በማስታወሻው ዓምድ ግለጹ፣ አለበለዚያ ስህተት መስሏቸው ይቀንሱታል።

60ው አምፑልም ብዙ አይምሰላችሁ። ለሙከራ 10 ይሄዳል፤ የተከፈተው ግማሽ ይጣላል። የቀረው 50 በየ4 ሳምንቱ ለአሥር ሰው አምስት ዙር ነው፤ በየ2 ሳምንቱ ከሆነ አሥር ሳምንት። የማብቂያ ቀኑን እዩና ቀጣዩን ከአሁኑ ጠይቁ። ለአዲስ መድኃኒት ያለፈ ፍጆታ ስለሌለ በታካሚ ቁጥር አስሉ።

የማኅበረሰብ ክትትል ባለሙያ
የፀበሉን ነገር ዘለላችሁት። «ፀበሉን ተው» ያላችሁት ታካሚ አይመለስም። ሱባኤው 7 ነው 14 ቀን? ጠይቁ። ሦስቱ ሰኞ ከገቡ የሙከራ ዶዙን አሁን ሰጥታችሁ ያለ ክትትል አትልቀቋቸው፤ ጉዳቱ የሚመጣው እዚያው ሆነው ነው። ክኒናቸውን ይዘው ይሂዱ፣ መርፌው ሲመለሱ ይጀመር። ፀበል በማለዳ በባዶ ሆድ ስለሆነ ክኒኑ ከማታ ምግብ በኋላ ይሁን፣ አስታማሚው እጅ ይቀመጥ። በጾም ላይ ክሎርፕሮማዚን ሲጨመር ሲነሱ ሊወድቁ ይችላሉ፤ ከመሄዳቸው በፊት ንገሯቸው። ከተመለሱ በኋላ የእጅና የእግር ሰንሰለት ቁስል መኖሩን ፈትሹ። የማይመለስ ካለ በሦስተኛው ቀን ለጤና ኤክስቴንሽኗ ስሙን ስጡ።

ጠያቂ
ያዝኩት። ለሦስቱ ሱባኤ ገቢዎች የ14 ቀን ክኒን ስቆጥር፣ ሁሉም 5 ሚ.ግ ስለሆኑ 42 ፍሬ ይሄዳል። ለልጁና ለአዛውንቱ 98 ይቀራል።

ፋርማሲስት
98 ለሁለት ሰው 49 ቀን ነው። አስቸኳይ ጥያቄው ላይ ይህንኑ ቁጥር ጻፉት።